ከሐረጎ ወዲያና ወዲህ፦ ዕድሜ የሚኖረው ክዳን እንዴት ይመረጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ቤትና ግንባታ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የሐረጎን ዳገት የወጣና የወረደ ሰው እንደሚያውቀው አየራቸው አንድ አይደለም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ለአንዷ የሚበጀው ክዳን ለሌላዋ ላይበጅ ስለሚችል፣ አንባቢ መልሱን ከመውሰዱ በፊት ጥያቄው ከየት እንደመጣ አብሮ እንዲያስተውል እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ በሆጤ በኩል 120 ካሬ ሜትር የሚሆን ቤት እያሠራሁ ነው። የብሎኬት ግድግዳው ተጠናቅቆ የቀረኝ ክዳኑ ነው። እስካሁን በኪራይ የኖርኩባቸው ቤቶች በክረምት በረዶ ሲጥል ሰው ከሰው የማያነጋግሩ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዳቸው የማይቻል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዝናብ ሳይኖር ከኮርኒሱ ውሃ የሚንጠባጠብባቸው ነበሩ። ለራሴ ቤት ግን አንዴ ከተከደነ በኋላ ተመልሼ የማልነካው ክዳን እፈልጋለሁ። ገበያ ላይ ሦስት ምርጫ ቀርቦልኛል፦ በሸክላ ክዳን ቅርጽ የተሠራና የድንጋይ ድቃቅ የተለበጠበት ቆርቆሮ፣ መካከሉ ፎም የሆነ ሳንድዊች ፓነል፣ እንዲሁም ቀለም የተቀባ አሉዚንክ ቆርቆሮ። የመጀመሪያውን የሚሸጡት ሰዎች የ50 ዓመት ዋስትና እንዳለው ይነግሩኛል። ከሦስቱ የትኛውን ልምረጥ?
መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሦስቱ ምርጫዎች በመልክ ይለያዩ እንጂ አጥንታቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም ስስ የብረት ላሜራ ናቸው። የሚለያዩት ብረቱ በምን እንደተለበጠ፣ ከልባጡ በላይ ምን እንደተደረበበትና ንብርብሮቹ እርስ በርስ በምን እንደተያያዙ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚያርፍበትን ቀለምና ቅርጽ ለጊዜው ትተው ከሥር ካለው ብረት እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ የክዳኑ ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነውና።

ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ልባጥ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዚንክ ነው። ሁለተኛው አሉዚንክ የሚባለው ሲሆን፣ በክብደት 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክና 1.6 በመቶ ሲሊከን የተዋሐዱበት ነው። የልባጡ መጠን በፋብሪካው ሰነድ ላይ የሚጻፈው በአንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በሁለቱም ፊት ላይ ያለው ግራም ተደምሮ ነው። ዜድ 275 የሚል ምልክት ያለበት ቆርቆሮ 275 ግራም ዚንክ አለው ማለት ሲሆን፣ ይህም በየፊቱ ወደ 20 ማይክሮን ውፍረት ይሰጣል (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ ዜድ 100 ከሆነ ግን በየፊቱ ያለው 7 ማይክሮን ብቻ ነው። ከባሕርና ከከባድ የፋብሪካ ጭስ በራቀ አየር ዚንክ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.7 ማይክሮን ያህል ይበላል። ከፍተኛውን ቁጥር ብንወስድ የመጀመሪያው ልባጥ ከ25 ዓመት በላይ ሲዘልቅ ሁለተኛው በ10 ዓመት ውስጥ ያልቅና ብረቱን ያራቁተዋል። አሉዚንክ በተመሳሳይ ውፍረት ቢያንስ የዚንክን እጥፍ ያህል ስለሚቆይ ኤዜድ 150 የተባለውን፣ በካሬ ሜትር 150 ግራም አሉዚንክ ያለበትን ደረጃ ለመኖሪያ ቤት አምነው ሊገዙት ይችላሉ። ድክመቱ እርጥብ ሲሚንቶንና ኖራን፣ ከከብት በረት የሚወጣውን ትነት፣ እንዲሁም የመዳብ ቧንቧ ነክቶ የሚወርድ ውሃን አለመቻሉ ነው። ልስን ከክዳን በኋላ የሚሠራ ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የተረጨው ሲሚንቶ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት፤ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ከጣሪያው ላይ ካስቀመጡም የመዳብ ቧንቧው ጠብታ ክዳኑ ላይ እንዳይወርድ ያድርጉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የብረቱ ውፍረት ነው። በገበያችን ውፍረት የሚጠራው በጌጅ ሲሆን፣ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በጌጅ ብቻ መስማማት ለክርክር በር ስለሚከፍት በሚሊ ሜትር ይጠይቁ፣ ከተቻለም ካሊፐር የተባለውን የውፍረት መለኪያ ይዘው ሄደው ጠርዙን ይለኩ። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ሲለካ የቀለሙ ውፍረትም አብሮ ስለሚቆጠር፣ 0.40 ሚሊ ሜትር የተባለው ዕቃ ብረቱ 0.35 ብቻ ሊሆን ይችላል። ያለ ቀለሙ ስንት እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሚዛንም ጥሩ ምስክር ነው፤ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ዝርግ ላሜራ በካሬ ሜትር 3.1 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነው 1.6 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። ለደሴ በረዶ ከ0.4 በታች የሆነ ብረት አልመክርም። ስስ ቆርቆሮን በረዶ ሲያጎደጉደው ልባጡ በዚያ ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በጎድጓዳውም ውስጥ ውሃና አቧራ ይተኛበታል።

አሁን የድንጋይ ድቃቅ ወደተለበጠበት እንምጣ። ይህ ክዳን ከውስጥ ወደ ላይ ሲቆጠር ብረቱ፣ የአሉዚንክ ልባጡ፣ ፕራይመር የሚባለው የመነሻ ቅብ፣ አክሪሊክ ማጣበቂያው፣ የድንጋይ ድቃቁ፣ በመጨረሻም ድቃቁን የሚያትመው ስስ ቅብ ነው። በካሬ ሜትር የሚመዝነው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሚመዝነው እውነተኛ የሸክላ ክዳን ጋር ሲነጻጸር ለጣሪያው እንጨትም ለግድግዳውም ቀላል ነው። ይህ ቀላልነት በእኛ ምድር ከፍ ያለ ዋጋ አለው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማፍረሱ የሚታወቅ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የምንኖር ሰዎች ከራሳችን በላይ የምናስቀምጠው ሸክም ባነሰ መጠን አደጋውም ያንሳል። ድቃቁ የዝናብንና የበረዶን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል፣ ማጣበቂያውንም ከፀሐይ ይጋርደዋል። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶና ከዚያም በላይ ስለሚበረታ፣ በደሴ ከፍታ ላይ ይህ መጋረጃ ብዙ ሥራ አለበት። ድቃቁ ከረገፈ ግን ማጣበቂያው ይጋለጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የክዳኑ መበላሸትም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ናሙና ተቀብለው በመዳፍዎ ጠንከር አድርገው ይሹት። ከፋብሪካው በትርፍነት ተጣብቆ የመጣ ጥቂት ድቃቅ መርገፉ የተለመደ ነው፤ ከሥር ያለው ማጣበቂያ እስኪታይ ድረስ የሚረግፍ ከሆነ ግን አይግዙት። እርጥብ ነጭ ጨርቅም ይሹበት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ድቃቁ በደንብ ያልያዘ ቀለም የተነከረ ስለሆነ ከጥቂት ክረምት በኋላ ይደበዝዛል።

ስለዚሁ ክዳን ሁለት ነገሮችን ይጨምሩ። በትንንሽ ቁራጭ እየተደራረበ የሚገጠም በመሆኑ ውሃው ቶሎ የሚወርድበት ተዳፋት ይሻል። ጣሪያዎ 15 ዲግሪ ካልሞላ፣ ማለትም በየአንዱ ሜትር አግድም ርቀት 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ፣ ከጦሳ በኩል በነፋስ እየተገፋ የሚመጣው ዝናብ በመገጣጠሚያው ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ግን ድቃቁ ብርድ የማይከላከል መሆኑ ነው። ያን ያህል ስስ የድንጋይ ንብርብር የደሴን ሌሊት አያግድም፤ እርስዎን ያስመረረዎትን ብርድ ለማስቀረት ከሥሩ ሌላ ሙቀት ያዥ ነገር የግድ ያስፈልገዋል።

ሙቀት መያዝ የሳንድዊች ፓነል ዋና ሥራ ነው። መካከሉ 50 ሚሊ ሜትር ፖሊዩረቴን የተባለ ፎም የሆነ ፓነል የሚያሳልፈው ሙቀት ባዶ ቆርቆሮ ከሚያሳልፈው አንድ አሥራ አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። ነጩ ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪን፣ ተመሳሳይ ውጤት እንዲሰጥ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል። ስለሆነም ሻጩ መካከሉ ፎም ነው ቢልዎት የትኛው ፎም እንደሆነና ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ሳያውቁ አይዋዋሉ። ፓነል ጥንካሬ የሚኖረው ሁለቱ ላሜራዎችና መካከሉ እንደ አንድ አካል ሆነው ሲሠሩ ስለሆነ፣ ከናሙናው ጫፍ ላይ ላሜራውን ለመላጥ ይሞክሩ። በቀላሉ ተላጥቶ ከወጣ፣ ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ፓነል በፀሐይ ሲግል ላሜራው ያብጣል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይሄዳል። በተጨማሪም ፓነል ቀጥ ያለ ማገር ይሻል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ስለዚህ ከፓነል ሥር የብረት ማገር ይመረጣል።

የእሳት ጉዳይ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ነጩ ፎም ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይሟሽሻል፣ ሲቃጠልም እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ፖሊዩረቴን በበኩሉ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ገዳይ መርዝ አለው። ከቀለጠ አለት የሚፈተለው ሙቀት ያዥ፣ ሮክ ዉል፣ ግን አይቀጣጠልም፣ ለመቅለጥም ከ1000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እንጨት ወይም ከሰል የሚነድበት ማዕድ ቤት በፎም ፓነል እንዳይከደን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ያለ መከላከያ ቱቦ በፎሙ ውስጥ እንዳያልፍ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ሳይዘንብ የሚንጠባጠበው ውሃ ላብ ነው። በጠራ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚሰድ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከእስትንፋስና ከምግብ ማብሰል የተነሳው እርጥበት በኮርኒሱ ቀዳዳ አልፎ ያን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ክዳኑ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህ እርጥበት እንዳይደርስበት ካልታገደና የደረሰውም የሚወጣበት ካልተበጀለት መንጠባጠቡ አይቀርም።

እንግዲህ ለእርስዎ ቤት የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ብረቱ ያለ ቀለም 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ልባጡ ኤዜድ 150 የሆነ አሉዚንክ ይክደኑ። ከኮርኒሱ በላይ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሮክ ዉል ያንጥፉ። ከሮክ ዉሉ በታች፣ በክፍሉ በኩል፣ የክፍሉ እርጥበት ወደ ላይ እንዳያልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ሳይቀደድ ይዘርጋ፤ ከክዳኑ ሥር ያለው አየር እንዲንቀሳቀስም በጣሪያው ጠርዝና በአናቱ ላይ ወንፊት የተገጠመላቸው መተንፈሻዎች ይተው። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ንብርብሮቹ ተለያይተው መቀመጣቸው ነው። ገንዘብ ካጠረ ሮክ ዉሉን በሚቀጥለው ዓመት መጨመር ይቻላል፤ ከረጅም ዘመን በኋላ ቆርቆሮው ቢያረጅ እሱ ብቻ ይነሳል፤ በማጣበቂያ አንድ የሆነ ፓነል ግን አንዱ ንብርብር ሲበላሽ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። የበረዶው ድምፅም ቢሆን ከኮርኒሱ በላይ በተነጠፈው ሮክ ዉል ብዙ ይለዝባል። የሸክላ ቅርጹን ከወደዱትና ጣሪያዎ በቂ ተዳፋት ካለው ድንጋይ የተለበጠበትን መምረጥዎ ስሕተት አይሆንም፤ ሮክ ዉሉን ግን አይቀንሱበት።

ስለ አገጣጠሙ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 55 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ያሳድራል፤ በጣሪያው ማዕዘንና ጠርዝ ላይ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ከ3 እስከ 7 ኪሎ የሚመዝን ክዳን በክብደቱ አይቆምም፤ የሚይዘው ብሎኑ ነው። በጠርዝ፣ በማዕዘንና በአናት ላይ ብሎኖቹ ከመካከሉ ይልቅ እንዲቀራረቡ ያዝዙ፤ ማገሩም ከጣሪያው ዋና እንጨት ጋር፣ እሱም ከግድግዳው ጋር በብረት መታሰሩን ራስዎ ወጥተው ይዩ።

የ50 ዓመቱን ዋስትና በጽሑፍ ይጠይቁ። ዋስትናው በዝገት ለመበሳት ነው፣ ለድቃቅ መርገፍ ነው ወይስ ለቀለም መደብዘዝ? በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ ነው? ሻጩ ነው የሚሰጠው ወይስ አምራቹ? በማን እጅ ሲገጠም ነው የሚጸናው? እነዚህ በወረቀቱ ላይ ካልሰፈሩ ዋጋውን ሲወስኑ ዋስትናውን ከግምት አያስገቡት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቤታችን በጭቃ ግድግዳ የተሠራ የቆየ ቤት ሲሆን ክዳኑ ዝጎ ተበሳስቷል፤ እኩለ ቀን ላይ ልጆች ውስጡ መቀመጥ አይችሉም። አንድ ነጋዴ በሸክላ ቅርጽ የተሠራ የፕላስቲክ ክዳን እንድገዛ መክሮኛል፤ አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ሙቀትም አያሳልፍም ይላል። የጣሪያው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፣ በአንድ በኩል ምስጥ ገብቶበታል። ማዕድ ቤታችንም ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ምን ይመክሩኛል?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም፣ የተከበሩ እናታችን። የነገሩዎት ክዳን ፒቪሲ ከተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ነው፤ አለመዛጉም ቀላልነቱም እውነት ነው። ሙቀት አያሳልፍም የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ፕላስቲክ ከብረት ይልቅ ሙቀትን በዝግታ ያሳልፋል፤ ሆኖም ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የኮምቦልቻን እኩለ ቀን ብቻውን አያስታግሥም።

በዚህ ዕቃ ላይ የሚያሳስቡኝ ጉዳዮች ሌሎች ናቸው። ፒቪሲ በሙቀት ከብረት አምስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ክዳን በሌሊቱ ቅዝቃዜና በቀኑ ግለት መካከል የ50 ዲግሪ ልዩነት ቢገጥመው ብረቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ፒቪሲው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ገጣሚው የብሎኑን ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ አድርጎ ካልበሳውና በሰፊ የጎማ ዋሸር ካልሸፈነው፣ ክዳኑ በየቀኑ ሲለጠጥና ሲሸማቀቅ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ፒቪሲ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ ጠቆር ያለ ክዳን በጠራራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችል በመካከሉ የሚቀረው ልዩነት ጠባብ ነው። በመሆኑም ማገሮቹ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ በተደጋጋሚ መቀመጥ ይኖርባቸዋል፣ አለበለዚያ ክዳኑ በመካከሉ ይረግባል። የማገሩ ወጪ ሲደመር ርካሽ የተባለው ክዳን ርካሽነቱን ያጣል።

የፀሐይ ጨረሩን የሚቋቋመው ከላይ የሚለበጠው ኤኤስኤ የተባለ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ጫፉ የተቆረጠ ናሙና ይመልከቱ፤ ከላይ የተለየ ቀለም ያለው ሽፋን በግልጽ ካልታየ፣ ወይም የተቆረጠው ፊት አቧራማና ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ፣ ብዙ ርካሽ መሙያ የገባበት ነውና ይተውት። ጥሩ የሚባለውም ቢሆን ከማዕድ ቤት በላይ መቀመጥ የለበትም። ምድጃዎ በእንጨት ወይም በከሰል የሚነድ ከሆነ ያ ክፍል ከዋናው ቤት ተለይቶ በብረት ቆርቆሮ ይከደን፤ ጭሱም በጭስ ማውጫ ይውጣ።

ለዋናው ቤት የምመክረው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀለም የተቀባ አሉዚንክ ነው። ንጹሕ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል ከግማሽ በላይ የሆነውን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ጥቁር ቡኒ ወይም ጥቁር ቀይ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ብዙ ሰው ቀይ ክዳን የሚመርጠው ለውበቱ መሆኑን አውቃለሁ፤ በኮምቦልቻ ግን የክዳንን ቀለም ከውበት በፊት ለልጆችዎ ምቾት ብለው እንዲመርጡ እለምንዎታለሁ። ከነጭ ክዳን ሥር የአየር መተንፈሻ ያለው ኮርኒስ ከተሠራና ከኮርኒሱ በላይ 50 ሚሊ ሜትር እንኳ ሮክ ዉል ከተነጠፈ የእኩለ ቀኑ ግለት በግልጽ ይቀንሳል።

ከሁሉ በፊት ግን እንጨቱን ይዩ። ምስጥ በገባበት እንጨት ላይ አዲስ ክዳን መግጠም ገንዘብን መጣል ነው። እንጨቶቹን አናጢው በመዶሻ እየመታ ይፈትሻቸው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጡት ይለወጡ። ምስጥ የሚወጣው ከመሬት ስለሆነ በግድግዳው ላይ የተሠራውን የአፈር መንገዱን እየተከታተሉ ያፍርሱት፣ የሚለወጡትም ምሰሶዎች ከመሬት ጋር እንዳይገናኙ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መሠረት ላይ ይቁሙ። የጭቃ ግድግዳ ከባድ ክዳን ስለማይችል ቀላል ቆርቆሮ መምረጥዎ በዚህም በኩል ትክክል ነው። የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ቢል ዝናብ ጭቃውን አያጥበውም።

ጥያቄ፦ አባቴ ያወረሱኝ ቤት ክዳን ግራጫ ኤተርኒት ነው። ጥቂቱ ተሰነጣጥቋል። በላዩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ልምታበት ወይስ አፍርሼ ላንሳው?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ኤተርኒት ሲሚንቶና ጭረት (ፋይበር) የተዋሐዱበት ክዳን ነው፤ በቀድሞው ዘመን የተሠራው ጭረቱ አስቤስቶስ የተባለ ማዕድን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር እንደሚያመጡ አረጋግጧል፤ በሽታው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል ዛሬ የተነፈሰ ሰው ወዲያው አይታመምም፣ ይህም ሰውን ያዘናጋዋል። ክዳኑ ሳይነካ እስካለ ድረስ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። አደጋው ያለው ሲሰበር፣ ሲቆረጥ፣ ሲበሳና በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፈግ በሚነሳው አቧራ ላይ ነው። በላዩ ላይ ቆርቆሮ መምታት ብዙ ቀዳዳ መብሳትን ስለሚጠይቅ አልደግፈውም፤ ያረጀ ኤተርኒትም የቆመበትን ሰው ክብደት ስለማይችል ሠራተኛው ሰብሮ ሊወድቅ ይችላል።

የሚነሳ ከሆነ በውሃ በደንብ ይርጠብ፣ ብሎኑና ሚስማሩ ተፈትቶ ክዳኑ ሙሉውን ሳይሰበር ይውረድ እንጂ ከላይ አይጣል። ሠራተኞቹ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ጭምብል ያድርጉ፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም። ልብሳቸው ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ፣ ልጆችም በቦታው አይገኙ። የወረደው ክዳን በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ስለሚቀበርበት ቦታም የከተማውን የጽዳትና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች አስቀድመው ያማክሩ። ስብርባሪውን ለመንገድ መሙያ ወይም ለአጥር መስጠት ጉዳቱን ወደ ጎረቤት ማስተላለፍ ነው።

ጥያቄ፦ ቆርቆሮ ገጣሚ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ እሠራለሁ። አሉዚንክና ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ስገጥም በጥቂት ወራት ውስጥ በቆረጥኩት ጠርዝ አጠገብና በብሎኖቹ ዙሪያ ቀይ ነጠብጣብ እየታየ ደንበኞቼ ይወቅሱኛል። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የአሠራሬ?
ገጣሚ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥያቄዎን ያነሱት ለሙያዎ ስለሚቆረቆሩ ነውና እናመሰግናለን። ነጠብጣቡ እንዲህ ቶሎ ከታየ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግራይንደሩን ነው። ግራይንደር ሲቆርጥ የሚረጨው የጋለ ብናኝ ቀለሙን አቃጥሎ ይጣበቃል፣ በመጀመሪያው ዝናብም ይዝጋል፤ የተቆረጠው ጠርዝም በሙቀቱ ልባጡን ያጣል። ቆርቆሮን በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጡ። መቀስ የቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ስለሚሆን በዙሪያው ያለው ዚንክ ራሱን እየበላ ብረቱን ይጠብቀዋል። ግራይንደር የግድ ከሆነ መሬት ላይ፣ ከሌላው ቆርቆሮ ርቀው ይቁረጡ።

በብሎኑ ዙሪያ ያለው ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቀዳዳው ሲበሳ ከሚወጣው የብረት ቅንጣት ነው። የዕለቱን ሥራ ከማቆምዎ በፊት ክዳኑን ከላይ ወደ ታች በለስላሳ መጥረጊያ ይጥረጉት፤ ለነገ ካሉት ሌሊቱን በጤዛ ይዝጋል። ብሎኑን ቀጥ አድርገው ከቆርቆሮው ማዕበል ጉብታ ላይ ያስገቡ፣ የጎማው ዋሸር ከብረቱ ዋሸር ጠርዝ ትንሽ ብቻ ብቅ ሲል ያቁሙ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ጎማ ተጨፍልቆ ይሰነጠቃል፣ የላላው ደግሞ ውሃ ያስገባል። አሉዚንክ ላይ በእርሳስ አያስምሩ፤ የእርሳሱ ግራፋይት ልባጡን በመስመሩ ላይ ስለሚበላው በማርከር ይጠቀሙ። የብሎኑ ልባጥ ከክዳኑ ልባጥ ያነሰ ዕድሜ ካለው ክዳኑ ሳያረጅ ብሎኑ ስለሚዝግ፣ ደንበኛው ጥሩ ክዳን ገዝቶ በርካሽ ብሎን እንዲገጠምለት ሲጠይቅዎት ይህን ያስረዱት።

አንድ ምክንያት ግን ከእርስዎ እጅ በፊት የሚከሰት ነው። ክረምት ላይ ተደራርቦ በሜዳ የተቀመጠ ቆርቆሮ በመካከሉ ውሃ ሲገባና አየር ሲያጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል፤ ይህ ልባጡ መበላት መጀመሩን ያመለክታል። ዕቃው ሲደርስዎት ከላይ ያለውን ብቻ አይተው አይረከቡ፣ ከክምሩ መካከል አንድ ሁለት አንስተው ይፈትሹ። ከተረከቡም በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ አንዱን ጫፍ ዘቅዘቅ አድርገው፣ አየር እንዲገባው ከጎኑ ክፍት በሆነ ሸራ ሸፍነው ያስቀምጡት፤ እርጥበት ከገባበት ደግሞ እያንዳንዱን ነጣጥለው በዚያው ቀን ያድርቁት።